በገዛ እጄ የጻፍኩት ነፍሰ ገዳይ

እኔ ሰው ገድዬ አላውቅም ብዬ ወጌን ልጀምር አማረኝ፤ ግን መጨረሻውን ስለማውቀው አፌ አልታዘዝ አለኝ። ስለዚህ እንዲህ ልበል፤ በዕድሜዬ ጠመንጃ የተኮስኩት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ባርቆብኝ የአጎቴን እንስራ ሰበርኩበት። እንግዲህ ይኸው እንስራ ሰባሪ በጣልያን ጊዜ ሸዋ ሮቢት ላይ «የነፍሰ ገዳዮች አለቃ» ተብሎ በሰንሰለት ታሰረ። የታሰርኩትም አንድ የሌለ ሰው፣ አንድ የሌለ ንጉሥ፣ በሌለ አገር እንዲገድል አድርጌ በመጻፌ ነው። ይህን ሳወራ የሚስቁ አሉ። ይሳቁ፤ እኔም እስከ መሐሉ ድረስ አብሬ እስቃለሁ።

ያኔ ጣልያን የደሴን መንገድ በቆላው በኩል ያስጠርግ ነበር። እኔ ከደብረ ሲና በላይ ካለው ደጋ የወረድኩ፣ የቤተ ክህነት ትምህርቴን ከመንገድ የተውኩ፣ ከተማርኩት ሁሉ ማንበብና መጻፍ ብቻ የቀረልኝ ጎረምሳ ነበርኩ። የቀን ሠራተኛውን ስም የሚጽፍ ሰው ይፈለጋል ሲባል ሄጄ ተቀጠርኩ። «ለጠላት ሠራህ?» ትሉኝ ይሆናል። ሠራሁ። ርቦኝ ነው ብል እውነቴን ነው፤ ግን ከኔ ይበልጥ የራባቸው ሰዎች ጫካ ገብተው ነበርና በዚህ ብዙ አልመጻደቅም።

ሥራዬ ጠዋት ስም መጥራት፣ ማታ ስም መጥራት ነው። ጠዋት «አቤት» ያለ ሰው ማታ ከሌለ ወይ ጠፍቷል፣ ወይ ወባ ጥላዋለች፣ ወይ ድንጋይ ተንዶበታል፤ እኔ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጭረት ነበር የማደርግላቸው። በመሐል ከግራር ጥላ ሥር ከመቀመጥ በቀር ሥራ የለኝም። ሸዋ ሮቢትን በግንቦት የማያውቅ ሰው ሙቀቱን ባወራለት አይገባውም፤ ሰው ተቀምጦ ሲያስብ እንኳ ያልበዋል። ከፊቴ ደግሞ የመንግሥት ወረቀት ተቆልሏል፤ አንድ ጎኑ በጣልያንኛ የታተመ፣ ሌላው ጎኑ ባዶ። በባዶው ጎን ልብ ወለድ መጻፍ ጀመርኩ።

ምን ዓይነት ልብ ወለድ መሰላችሁ! አዝመራ የሚባል አገር አለ። ደጉ ንጉሥ በመርዝ ይሞትና ባሕር ተሻግሮ የመጣ ባዕድ ዙፋኑን ይቀማል። መበለት የሆነችው ንግሥት ሰባት በር ባለው ግንብ ትታሰራለች። መኳንንቱ ግማሹ ለባዕዱ ይሰግዳል፣ ግማሹ በስውር ይዶልታል። ወደ ጭልፊት የሚለወጥ ጠንቋይ አለ፤ ወንዝ የሚጠብቅ ዘንዶ አለ። ከሁሉም በላይ፣ ራሱ ላይ ሲጠመጥመው ከሰው ዓይን የሚሰውረው ቀይ ሻሽ ያለው ነፍሰ ገዳይ አለ። ይህ ነፍሰ ገዳይ ንግሥቲቱን ይወዳታል፤ ባዕዱንም በትልቅ ግብዣ መሐል ሊገድለው ምሏል።

ንግሥቲቱ ዘይነባ ነበረች። ዘይነባ ከቀወት ገጠር ወጥታ ለመንገድ ሠራተኛው ጥንቅሽና የተቀቀለ በቆሎ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ባሏን አውሮፕላን በጣለው ቦምብ ነው ያጣችው። እሷ እስላም፣ እኔ ክርስቲያን፤ እሷ የቆላ ሰው፣ እኔ የደጋ፤ በልብ ወለድ ካልሆነ በቀር የማይሆን ነገር እንደነበር አውቀዋለሁ። እኩለ ቀን ላይ ሠራተኛው ሲያርፍ ቅርጫቷን ይዛ ጥላዬ ሥር ትመጣና፣ «እስቲ አንተ ጸሐፊ፣ ያቺ ሴትዮ ዛሬስ ተፈታች?» ትለኛለች። አነብላታለሁ። አንዳንድ ቀን ከጻፍኩት ይልቅ ፊቷን አይቼ የምጨምረው ይበዛል።

ነፍሰ ገዳይ ባስፈለገኝ ጊዜም ሩቅ አልሄድኩም። ለሰፈሩ ውሃ በግመል የሚያመላልስ ጦለሃ የሚባል የአሊዩ አምባ ሰው ነበር። ግራ እግሩን ትንሽ ያነክሳል፤ ቀይ ሻሽ ይጠመጥማል፤ ሲስቅ ግመሎቹ ይደነብራሉ። ዘይነባ ከጥንቅሹ ሁሉ ወፍራሙን የምትመርጠው ለሱ ነበር። በዚህ የተነሳ ነፍሰ ገዳዬ ስሙ ጦለሃ፣ እግሩ የሚያነክስ፣ ሻሹ ቀይ ሆኖ ቁጭ አለ። ሐሳቤም ንጉሡን ካስገደልኩት በኋላ ለዘንዶው ልሰጠው ነበር።

ዘይነባ አንድ ቀን አቋረጠችኝ። «ይኼ ጦለሃ የኛ ጦለሃ ነው?»

«አይደለም፤ ስሙ ነው የተመሳሰለው።»

«እግሩስ?»

«እሱም ተመሳስሎ ነው።»

ጥንቅሿን እየላጠች አየችኝና፣ «ተጠንቀቅ አንተ ሰው» አለችኝ። ቅናቴን ያየችብኝ መስሎኝ አፈርኩ። አርቃ ማየቷ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

አንድ ማለዳ ወባዬ ተነስታብኝ እየተንቀጠቀጥኩ የሠራተኛውን መዝገብ ለቢሮ አስረከብኩ። ከመዝገቡ ጋር አሥራ አንድ ገጽ ልብ ወለድ አብሮ መግባቱን አላወቅሁም። የሚገርመው የሄደው ክፍል «ግድያው በግብዣው ቀን» የሚለው ነበር። ሌላ ሰው ጠቆመብኝ እንዳልል ራሴ ነኝ፤ በገዛ እጄ አቅርቤ፣ እጅ ነስቼ ነው የሰጠሁት።

በማግስቱ ሁለት ባንዳዎች ከጥላዬ ሥር አንስተው ካፒቴኑ ፊት አቆሙኝ። ካፒቴኑ ወፍራም፣ አንድ የወርቅ ጥርስ ያለው፣ ላቡን በነጭ መሐረብ የሚጠርግ ሰው ነበር። ያን ሳምንት ገላጣው ላይ ካለው ሾላ ሦስት ሰው አሰቅሏል፤ መሐረቡ ግን ሁሌ ንጹሕ ነው። አጠገቡ አስተርጓሚው ጋሼ ተድላ ቆመዋል፤ ከሚሲዮን ጣልያንኛ የተማሩ፣ ጎልማሳ፣ ከኔ የባሰ የሚፈሩ ሰው።

«ዙፋን ነጣቂው ማነው ይልሃል» አሉኝ ጋሼ ተድላ።

«ማንም አይደለም ጋሼ። ልብ ወለድ ነው።»

ጋሼ ተድላ ወደ ካፒቴኑ ዞሩና አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ተመልሰው እኔኑ፣ «ልብ ወለድን ምን ልበለው?» አሉኝ።

«እንግዲያ ውሸት ነው ይበሉልኝ።»

አሉት። ካፒቴኑ ጠረጴዛውን መታ።

«ውሸት መጻፍህን አምነሃል፤ እንግዲያው አሁን እውነቱን አውጣ ይልሃል።»

ልብ ወለድ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ከዚያ ወዲህም ሞክሬ አውቃለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን አላላበኝም። ሰው ደስ እንዲለው የሚጻፍ ነው አልኩ። ንጉሥ ሲገደል ማነው ደስ የሚለው ብሎ ጠየቀ። አገሩ አዝመራ ነው፣ የትም የለም አልኩ። አስመራን መሰለውና ከወንበሩ ተነሳ፤ አስመራም ድረስ ሰው አላችሁ ወይ ብሎ ጮኸ። ዙፋን ነጣቂው ወፍራም ነው፣ የወርቅ ጥርስ አለው የሚለው ጋ ሲደረስ ካፒቴኑ መሐረቡን አፉ ላይ አደረገ። ሰው የሚሰርቀው ከሚያየው ነው፤ ማልጄ ስነሳ የማየው ባዕድ እሱ ብቻ ነበር፤ እግዜር ያውቃል ክፋት አልነበረኝም።

በኋላ ጋሼ ተድላን፣ «ወፍራም የሚለውን ምን ብለው ተረጎሙት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ግርማ ያለው አልኩት፤ ላንተም ለኔም ብዬ» አሉኝ።

ችግሩ በዚያ ሰሞን መንገዱን ሊያይ አንድ ትልቅ ጄኔራል ይመጣል፣ ግብዣም ይደረግለታል መባሉ ነበር። እኔ አላውቅም። ካፒቴኑ ግን አስማቱን ሁሉ ምሥጢራዊ ቋንቋ አደረገው፤ ዘንዶው መትረየስ ነው አለ፤ ጭልፊቱ መልእክተኛ ነው አለ፤ ንግሥቲቱ የአርበኞች አለቃ ናት አለ። እውነቴን ነው፣ ከኔ ልብ ወለድ የሱ ይሻል ነበር።

ከዚያ ጦለሃን ከሮቢ ወንዝ ዳር፣ ግመሎቹን ሲያጠጣ ይዘው እየጎተቱ አመጡት። ፊቱ ደምቷል።

«ምን አደረግሁ?» ይላል።

«ንጉሥ ልትገድል ነው» አሉት ጋሼ ተድላ።

«የቱን?»

ካፒቴኑ በዱላው ሻሹን፣ ከዚያ እግሩን፣ ከዚያ ወረቀቱን እያሳየ ወደኔ ዞረ። «ይኼ ነው ወይ ይልሃል» አሉኝ ጋሼ ተድላ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው።

እንግዲህ እዚህ ላይ እውነቱን ልንገራችሁ። ወዲያው «አይደለም» አላልኩም። ጥቂት ዝም አልኩ። በዚያች ዝምታ ውስጥ ጦለሃ ሾላው ላይ ተሰቅሎ፣ እኔ ተፈትቼ፣ ዘይነባ ጥላዬ ሥር ተቀምጣ ታይታኛለች። ትንሽ ጊዜ ናት፤ ዝንብ ከካፒቴኑ ጠረጴዛ ተነስታ መስኮቱ ላይ እስክታርፍ ድረስ። ጦለሃ ግን አየኝ። ከዚያ በኋላ ነው፣ «አይደለም፤ ስሙን የሰረቅሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ምንም አያውቅም» ያልኩት። ለዚህም ለሁለታችንም ሃያ ሃያ ጅራፍ ታዘዘልን፤ ኋላም አንድ ሰንሰለት በሁለታችን እግር ገብቶ የማሽላ ማከማቻ በነበረ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተዘጋብን።

ሻሹን ወስደውበት ነበር። ካፒቴኑ በአስማት አያምንም፤ ባንዳዎቹ ግን ያምኑ ነበር። በግድግዳው ቀዳዳ እናያቸዋለን። አንዱ ሻሹን ጠምጥሞ፣ «ታየኛለህ?» ይለዋል ጓደኛውን። ጓደኛው ቀልደኛ ኖሮ፣ «ኧረ የት ገባህ?» እያለ በእጁ አየሩን ይዳብሳል። ያ ምስኪን አምኖ በቀጥታ ወደ ካፒቴኑ ማድቤት ገባና ከድስቱ ሥጋ ሲያወጣ ተያዘ። አስረው ሲገርፉት «አይታችሁኝ ነው?» እያለ ይጠይቃቸዋል። ጦለሃ በዚያ በተገረፈ ጀርባው ስቆ ቁስሉ ተከፈተ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ጦለሃ ሳቁን አቆመና፣ «ቅድም ለምን ዝም አልክ?» አለኝ።

ዓይኔን ወደ ግድግዳው ቀዳዳ መለስኩ። እሱም ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

በሁለተኛው ቀን ጋሼ ተድላ ወረቀትና ቀለም ይዘው መጡ። «ጨርሰው ይልሃል» አሉኝ። ልብ ወለዱ ነፍሰ ገዳዮቹ ከግብዣው በፊት ሊሰበሰቡ ሲሉ ነበር የተቋረጠው። ካፒቴኑ የሚሰበሰቡበትን ቦታ ይፈልጋል። እስከ ዓርብ ካልጻፍኩ ሁለታችንም ሾላው ላይ ነን። ብዙ ጸሐፊ መጨረሻው አልመጣልህ ብሎት ያውቃል፤ እንዲህ ተደርጎ የተጠየቀ ግን መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ጦለሃ፣ «እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ፤ የምሞትበትን ነገር ልወቀው» አለኝ። ከመጀመሪያው ነገርኩት። እሱ እንደ ዘይነባ ዝም ብሎ የሚሰማ ሰው አይደለም።

«ግመል ላይ ሆኖ ሙሉ ወንዝ ተሻገረ ትላለህ። ወላሂ አንተ ግመል አታውቅም።»

«እሺ፣ በጀልባ ይሁን።»

«መጨረሻ ላይስ ምን እሆናለሁ?»

«ዘንዶ ይበላሃል።»

«ለምን? ንጉሡን ገደልኩልህ አይደል?»

«ንግሥቲቱን እንዳታገባ ብዬ ነው።»

«ንግሥቲቱ ዘይነባ ናት» አለ፣ ሳይጠይቅ። «እኔ እኮ ለሷ እንዲህ ነው ብዬ አንድ ቃል ተናግሬ አላውቅም። አንተ ይህን ሁሉ ወረቀት ስትጨርስ እኔ ጥንቅሽ ነው የበላሁት።» ከመሰቀላችን በፊት ሁለታችንም አንድም ቃል ሳንነግራት መቅረታችን አናደደን።

ቦታውን የመረጠው እሱ ነው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ሰው የሌለበት ይሁን» አልኩት። «መንደር እንዳይኖረው፣ መንገድ እንዳይኖረው፣ እረኛ እንኳ እንዳይደርስበት።» ጦለሃ ቆላውን እንደ እጁ መዳፍ ያውቀዋል። ከሮቢ ወንዝ ወርዶ ወደ አዋሽ በኩል አንድ ቀን ተኩል የሚያስኬድ፣ ውሃ የሌለው፣ ጥቁር ቋጥኝ የተከመረበት ቦታ ነገረኝ። «ጅብ እንኳ እዚያ ሲደርስ መንገድ ይለውጣል። ይሂዱና ድንጋዩን አስረው ያምጡት» አለ። እኔም አሳምሬ ጻፍኩት። ነፍሰ ገዳዮቹ በጥቁሩ ቋጥኝ ሥር፣ በትልቁ ድንጋይ ጥላ ተሰበሰቡ ብዬ፣ መሐላቸውን፣ ስማቸውን፣ የጎራዴያቸውን እጀታ ሳይቀር። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ ያማረው እሱ ነበር።

ካፒቴኑ በዚያው ቀን አርባ ባንዳ ላከ። በቆርቆሮው ቀዳዳ በሰልፍ ሲሄዱ እያየን እርስ በርስ ተጎሻሸምን። «አብሽር» አለኝ ጦለሃ፤ «ውሃ ጥሙ ያስመልሳቸዋል፤ እስከዚያ ጄኔራሉም መጥቶ ይሄዳል፤ ኢንሻአላህ እንረሳለን።»

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ተመለሱ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፤ ሁለቱ በመንገድ ቀርተዋል። በበቅሎ ላይ አንድ ሬሳ ጭነዋል።

ሰው የሌለበት ቦታ ስንፈልግ፣ ከሰው የሸሸ ሰው የሚሄደው እዚያው መሆኑን ሁለታችንም አላሰብንም። እኛ በልባችን የመረጥነውን ቋጥኝ አንድ ሰው ከኛ በፊት በእግሩ ሄዶ መርጦት ነበር። ብቻውን ነው የተገኘው። ከያዘው ስልቻ ውስጥ የተገኘው ጥቂት ቆሎ ነው፤ ጠመንጃ አልነበረውም። ባንዳዎቹ ሲመለሱ ግን ጠመንጃ ነበረው፤ ከደረቱ ላይ አድርገውለታል።

ካፒቴኑ ሰንሰለቱን አስፈትቶ ሁለቱንም ጉንጬን ሳመኝ። «ብራቮ!» አለኝ። ይህን ቃል ያለ አስተርጓሚ ነው የሰማሁት። የጻፍኩት ሁሉ እውነት ሆኖ ተገኝቷል፤ ቦታው አለ፤ ድንጋዩ አለ፤ ሰውም ተገኝቷል። ነፍሰ ገዳዩ ጦለሃ ተገደለ ብሎም ወደ ላይ ጻፈ።

እንዲህ ሲሆን ሕያው ጦለሃ ተረፈ። ካፒቴኑ አስጠራውና ጋሼ ተድላ፣ «ማን ትባላለህ ይልሃል» አሉት።

«ጦለሃ።»

በጥፊ መታው። «ማን ትባላለህ?»

«ጦለሃ ነኛ!»

እንደገና መታው። ጋሼ ተድላ ወደ ጆሮው ጎንበስ ብለው፣ «ጦለሃ ሞቷል እኮ አንተ ልጅ፤ በወረቀት ሄዷል፤ ሌላ ስም ጥራ» አሉት።

«እንግዲያ... ኡመር።»

ካፒቴኑ ፈገግ አለና በመሐረቡ ላቡን ጠርጎ በእጁ ሂድ አለው።

እኔ ግን አልሄድኩም፤ ሥራ ተሰጠኝ። ሬሳው ገበያው ውስጥ ከዋርካው ጋር ተደግፎ ለሰው እንዲታይ ታዘዘ፤ ደረቱ ላይ የሚንጠለጠለውን ሰሌዳ የምጽፈው እኔ ነኝ። «ጦለሃ ነፍሰ ገዳዩ» በል ተባልኩ። ሁለት ሰሌዳ አበላሸሁ፤ በሦስተኛው ጻፍኩ። ስሰቅልለት በቅርብ አየሁት። ዕድሜው ከኔ ብዙ አይበልጥም። ግራ እጁ ድሮ ተቃጥሎ ሦስቱ ጣቶቹ ተጣብቀዋል። ዓይኑ ክፍት ነበር። እኔ መዝጋት አልደፈርኩም።

ዕለቱ ገበያ ነው። «ጦለሃ ተገደለ» የሚለው ወሬ አሊዩ አምባ ደርሶ የጦለሃ እህት ደረቷን እየደቃች መጣች። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላት። ዋርካው ጋ ስትደርስ ወንድሟ ከሰዉ መሐል ቆሞ አየችው። መጀመሪያ ጮኸች፤ ቀጥላ በያዘችው ዱላ መታችው፤ ቀጥላም አቅፋው ወደቀች። ጦለሃ በጆሮዋ፣ «እኔ ሞቻለሁ፤ ባንዳዎቹ እያዩ ነው፤ አልቅሺ» አላት። ምስኪን፣ ወደ ማታውቀው ሰው ሄዳ «ወንድሜ፣ ወንድምዬ» እያለች አለቀሰች። መጀመሪያ ለማስመሰል ነበር። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ግን ማንም ሳያያት ታለቅስ ነበር።

ዘይነባ ቅርጫቷን በራሷ ተሸክማ መጣችና ከጎኔ ቆመች። እንደለመደችው፣ «ምን ይላል?» አለችኝ ሰሌዳውን እያሳየች።

«ጦለሃ ነፍሰ ገዳዩ ይላል።»

«ጦለሃ ያውና ቆሟል።»

«አዎ።»

«ታዲያ ይኼስ ማነው?»

«አላውቅም።»

«ለሌለ ሰው ሁሉ ስም ስታወጣ የከረምክ ሰውዬ» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «የዚህን ሳታውቅ ነው የጻፍክበት?» ቅርጫቷን አስተካክላ ሄደች። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ንግሥቲቱ ጠይቃኝ አታውቅም።

በሦስተኛው ቀን ሽታው እስከ ካፒቴኑ ቤት ሲደርስ ቅበሩት ተባለ። ጦለሃ ዓይኑን ዘጋለት። ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር አጥቦ፣ ገበያተኛው ባዋጣው አቡጄዲ ከፈነው። እኔ ሮቢ ወንዝ ዳር ጉድጓድ ቆፈርኩ፤ ሌላ የተፈቀደልኝ ነገር አልነበረም። የሰገዱበት ሽማግሌ ስሙን ሲጠይቁ ጦለሃ ወደኔ ዞረ፤ እኔ ወደ መሬቱ ዞርኩ። «ያላህ ባሪያ» ተብሎ ተቀበረ።

ከዚያ በኋላ በሸዋ ሮቢት እኔ ጠቋሚው ነበርኩ። ስም ስጠራ ሠራተኛው «አቤት» ሲል ፊቱን ያዞራል። ወባዬን ሰበብ አድርጌ ሥራውን ለቀቅሁ። ከዚያ ገበያ ለገበያ ዞሬ፣ «ግራ እጁ የተቃጠለ ሰው ጠፍቶባችኋል?» እያልኩ መጠየቅ ጀመርኩ። በጣልያን ጊዜ እንዲህ እያለ የሚጠይቅ ሰው ምን እንደሚመስል አስቡት። አሊዩ አምባ ላይ በድንጋይ አባረሩኝ። አንዱ ገበያ ላይ ሰላይ ነው ብለው ልብሴን ገፈው ሰደዱኝ። አንድ ሽማግሌ ግን፣ «ልጄ፣ ይህን ጥያቄ ፈረንጁ ሲሄድ ተመልሰህ ጠይቅ» አሉኝ።

ፈረንጁ ሄደ። ኡመር የተባለው ተመልሶ ጦለሃ ሆነና ዘይነባን አገባ። እኔም ሰርጉ ላይ ተጠርቼ ለክርስቲያን ለብቻ ከታረደው በላሁ፤ ጦለሃ ወፍራም ጥንቅሽ በእጁ ልጦ ሰጠኝ። እኔ ግን መጠየቄን አልተውኩም።

ካራቆሬ ገበያ ላይ ነው ያገኘኋቸው። የተፈተለ ጥጥ የሚሸጡ አሮጊት ናቸው፤ እታ ሐዋ ይባላሉ። ጥያቄዬን ሲሰሙ እጃቸው ላይ ያለው ልቃቂት ወደቀ።

«ግራ እጁ?»

«አዎ እናቴ።»

«ሦስቱ ጣቶቹ?»

«አዎ።»

አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ልብ ወለዱን፣ ቋጥኙን፣ ሰሌዳውን፣ ካፒቴኑ ፊት ዝም ያልኩባትን ጊዜ ሳይቀር። አንድም ነገር አላሳመርኩም።

«ሰይድ ነው ስሙ» አሉ በመጨረሻ። «ባንዳ ሁን ብለው ጠመንጃ ሊያስይዙት መጡ። ሰው አልገድልም ብሎ ሸሸ። ሰው የሌለበት እሄዳለሁ እማ፣ ሲያልፍ እመጣለሁ አለኝ።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆዩ። «ዓይኑን ማን ዘጋለት?»

«ጦለሃ።»

«አላህ ይስጠው። አንተን እምርህ እንደሁ አላውቅም። ዛሬ አልምርህም። መንገዱን የምታውቀው ግን አንተ ነህ፤ ተነስ።»

ጥጣቸውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው ተነሡ። ሁለት ቀን ሄድን። እሳቸው ሰይድ እሳት ውስጥ እንዴት እንደወደቀ፣ በተጣበቀው እጁ እንዴት ዋሽንት ይነፋ እንደነበር፣ ሚስት ልታጭለት አስበው የነበረችውን ልጅ፣ በቆሎ እሸት እየሰረቀ ጥፋቱን ለፍየል እንደሚያላክክ አወሩልኝ። ፍየሏ ጋ ሲደርሱ ሳቁ፤ እኔም ልስቅ ብዬ ተውኩት። ሁለት ቀን ሙሉ ማዳመጥ ብቻ ነው የሠራሁት።

ሮቢ ወንዝ ዳር ስንደርስ መቃብሩን በእጄ አሳየኋቸው። ሳር በቅሎበት ነበር። እታ ሐዋ ጫማቸውን አውልቀው ቁጭ አሉ፤ መዳፋቸውን አፈሩ ላይ አደረጉ።

«ሰይድ» አሉት። «እኔ ነኝ።»

ከዚያ ቀና ብለው ሳያዩኝ፣ «አንተ እስቲ ራቅ በል፤ ከልጄ ጋር ላውራ» አሉኝ።

ራቅ አልኩ።